እናትነትና የሴት ማንነት በክር ሥራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሚከተሉት ጥያቄዎች እናትነትንና የሴትን ማንነት በክር፣ በጨርቅና በመርፌ የሚመረምሩ የጥበብ ሥራዎች በታዩ ቁጥር ከተመልካቾች፣ ከተማሪዎችና ገና ከሚጀምሩ ሠሪዎች የሚነሡ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አንዳንዱ ጥያቄ በጥቂት ዓረፍተ ነገር ይመለሳል፤ አንዳንዱ ግን ሰፊ ማብራሪያ ስለሚፈልግ ለማሳጠር አልሞከርኩም።

የክር ጥበብ የሚባለው ምንን ያካትታል?

ከጥጥ፣ ከሱፍ፣ ከሐር፣ ከቃጫ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር ተሠርቶ ዋና ዓላማው መልበስ ወይም መደረብ ሳይሆን መታየትና ማሳሰብ የሆነ ሥራ ሁሉ በዚህ ስም ይጠራል። ሽመና፣ ጥልፍ፣ የእጅ ስፌት፣ ኪሮሽ፣ ሹራብ፣ ገመድ መጎንጎን፣ ሱፍን በሙቅ ውሃና በሳሙና እያሹ ማጠቅጠቅ፣ እንዲሁም ያረጀ ልብስን ቀድዶ በሌላ መልክ መገጣጠም ሁሉም በውስጡ ይገባሉ።

እናትነትን ለመናገር ክርና ጨርቅ ለምን ይመረጣሉ?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ፣ ጨርቅ ለስላሳ ስለሆነ ለእናት ፍቅር ይስማማል የሚል ነው። ይህ መልስ በእኔ እምነት ጉዳዩን ያሳንሰዋል፤ ምክንያቱም እናትነት ልስላሴ ብቻ አይደለም፣ ክርም እንዲሁ። በደንብ የተወጠረ የጥጥ ክር ጣት ይቆርጣል፤ የቃጫ ገመድ መዳፍ ይልጣል፤ መርፌም ጨርቁን ሳይበሳ ምንም ነገር ሊያያይዝ አይችልም።

ትልቁ ምክንያት ጨርቅ ለሰውነት ያለው ቅርበት ነው። ገና የተወለደ ሕፃን ከተቀበለው ሰው እጅ ቀጥሎ የሚያገኘው ጨርቅን ነው፤ የእናቲቱን ደምና ላብ፣ ከጡት የሚፈሰውን ወተት፣ ሕፃኑ የሚያስመልሰውን ሁሉ የሚቀበለውም ጨርቅ ነው። ወተትና ደም ፕሮቲን ያለባቸው በመሆናቸው በክሩ ውስጥ ሰርገው ይገባሉ፤ በሙቅ ውሃ ከታጠቡ ደግሞ ፕሮቲኑ ስለሚረጋ እድፉ ከክሩ ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ አንዲት አርቲስት ያረጀ አንሶላ ወይም የሕፃን ልብስ አንሥታ መሥራት ስትጀምር ከባዶ አትነሣም፤ ጨርቁ ከእርሷ በፊት የኖረበት ሕይወት አለው። በሸራ ላይ የሚሥል ሠዓሊ ያንን ሕይወት በቀለም ማሳየት ይችላል፤ ጨርቁ ግን በቦታው የነበረ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ጁዲት ብራውን የተባለች አንትሮፖሎጂስት በ1970 ባወጣችው አጭር ጽሑፍ፣ በብዙ ማኅበረሰቦች ሴቶች በብዛት የሚይዙት ሥራ ሕፃን ከመጠበቅ ጋር አብሮ ሊሄድ የሚችል መሆኑን አስተውላለች፤ ይኸውም የሚደጋገም፣ ሐሳብን ሁሉ ጠቅልሎ የማይወስድ፣ ለሕፃን አደጋ የሌለው፣ ከቤት ብዙ የማያርቅ፣ ቢቋረጥም በቀላሉ የሚቀጠል ሥራ ነው። መፍተልና መስፋት ይህን ሁሉ ያሟላሉ። ሕፃኑ ሲያለቅስ መርፌው ጨርቁ ላይ ይሰካል፣ ሲተኛ ይነቀላል፣ ስፌቱም ካቆመበት ይቀጥላል። እያንዳንዱ ስፌት አንዲት ሴት በዚያች ቅጽበት እጇ ነፃ እንደነበረ ስለሚመሰክር፣ ያለቀው ሥራ በሌላ ሰው ፍላጎት መካከል የተገኘ ጊዜ ማስረጃ ይሆናል።

ሦስተኛው ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። በሽመና ድሩ አስቀድሞ ካልተወጠረ ማጉ ቦታ አይይዝም፤ ሁለቱ ክሮች ጨርቅ የሚሆኑት አንዱ ሌላውን ስለሚጫነው ነው። ሹራብ ደግሞ ከአንድ ክር ብቻ ሊሠራ ይችላል፤ አንዲት ዐይን ካመለጠች ከላይ እስከ ታች ያለው መስመር ይተረተራል። ስለ መተሳሰር፣ ስለ ጥገኝነትና ስለ መለየት መናገር የምትፈልግ አርቲስት እነዚህን ባሕርያት በእጇ ታውቃቸዋለች፤ በምሳሌነት ከውጭ አታመጣቸውም።

ዘመናዊ ጥበብ ከመምጣቱ በፊት እናቶች በጨርቅ ይናገሩ ነበር?

አዎ፤ ከሁሉም በላይ እኔን የሚነካኝ ማስረጃም ከሙዚየም ግድግዳ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት የመጣ ነው። በለንደን የነበረው የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ከ1741 ጀምሮ፣ ማሳደግ ያልቻሉ እናቶች የሚያስረክቧቸውን ሕፃናት ይቀበል ነበር። ሕፃኑ አዲስ ስም ስለሚሰጠው፣ እናቲቱ አንድ ቀን ተመልሳ ብትመጣ ልጇን ለመለየት የሚያስችል ምልክት ያስፈልግ ነበር። በዚህ ምክንያት ጸሐፊዎቹ ከሕፃኑ ልብስ ወይም እናቲቱ ካመጣችው ነገር ላይ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ወስደው ከመመዝገቢያው ወረቀት ጋር በስፒል ያያይዙ ነበር። ዛሬ በመዝገቦቹ ውስጥ ወደ 5000 የሚጠጉ ቁርጥራጮች ይገኛሉ፦ አበባ የታተመበት ጥጥ፣ ሪባን፣ የእጅጌ ጫፍ፣ ቀለም የተነከረ ሱፍ።

ከእነዚህ አንዱን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። በ1767 ከአንድ ወንድ ሕፃን ጋር የተሰጠው ምልክት፣ ከታተሙ ጥጦች ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የተሰፋ ረዘም ያለ የመርፌ መያዣ ግማሽ ነው። በላዩ ላይ በቀይ ክር የልብ ቅርጽ ተጠልፎበታል፤ ጨርቁ ለሁለት ሲቆረጥ ልቡም አብሮ ተቆርጧል። አንዱ ግማሽ በመዝገቡ ውስጥ ቀረ፣ ሌላውን እናቲቱ ይዛው ሄደች። በ1775 ተመልሳ ልጇን ወሰደች። እንዲህ ያለ ዕድል የገጠማቸው እናቶች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ የአብዛኞቹ ቁራጭ እስከ ዛሬ ከወረቀቱ ጋር እንደተያያዘ ነው። የዚያች ሴት ሥራ ለዐውደ ርእይ አልታሰበም፤ ነገር ግን ቁሳቁሱም፣ አቆራረጡም፣ የተለየው ግማሽም ትርጉም አላቸው፤ የዘመናችን የክር አርቲስቶች የሚሠሩበት ቋንቋ ይኸው ነው።

ይህ የእጅ ሥራ ነው ወይስ ሥነ ጥበብ?

ክፍፍሉ በቁሳቁሱ ባሕርይ ላይ የቆመ አይደለም፤ ሥራውን ማን እንደሠራውና የት እንደሠራው ተመልክቶ የተደረገ ነው። በ1919 በጀርመን የተከፈተው የባውሃውስ የሥነ ጥበብና የንድፍ ትምህርት ቤት ለሴቶችም ለወንዶችም ክፍት ነኝ ቢልም፣ ሴት ተማሪዎችን በአብዛኛው ወደ ሽመና ክፍል ይመራቸው ነበር። በ1922 የገባችው አኒ አልበርስም መጀመሪያ ያሰበችው ሽመናን አልነበረም። ሆኖም ድርና ማግ ምን ያህል የሐሳብ ቦታ እንዳላቸው ካሳዩት ሰዎች መካከል ግንባር ቀደም ሆነች፤ በ1949 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለብቻዋ ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅላት፣ በዚያ ሙዚየም ይህን ዕድል ያገኘች የመጀመሪያዋ የጨርቃ ጨርቅ አርቲስት ነበረች። የሽመናውን ክፍል የመራችው ጉንታ ሽቶልዝል ደግሞ በ1929 ልጅ የወለደችው ክፍሉን እየመራች ሳለ ነው። የትምህርት ቤቱ ታሪክ ሲጻፍ ግን ይህ እንደ ግል ጉዳይ እየታየ ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

በ1960ዎቹ ለውጡ በመጠንም መጣ። ፖላንዳዊቷ ማግዳሌና አባካኖቪች ከወደቦች የሰበሰበቻቸውን አሮጌ የሲሳል (ቃጫ) ገመዶች እየፈታች፣ እየቀለመችና እየሸመነች ከጣሪያ የሚንጠለጠሉ ግዙፍ ቅርጾች ሠራች። ከመካከላቸው ቀዩ ብዙ ተመልካቾችን የሴት አካልን ያስታውሳቸዋል። በዙሪያው የሚዞር ሰው ከዕቃ ፊት ሳይሆን ከአንድ ፍጡር አጠገብ የቆመ ያህል ይሰማዋል። በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቤት ማስጌጥ የጨርቅ ዕጣ ፈንታ ነው የሚለው ሐሳብ ከዚያ በኋላ በቀላሉ የሚባል አልሆነም።

እናትነትን በጨርቅ ከሠሩት መካከል ከማን ልጀምር?

ከሉዊዝ ቡርዥዋ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። በ1911 በፓሪስ የተወለደችው ቡርዥዋ ያደገችው አሮጌ የግድግዳ ምንጣፎችን በሚጠግን ቤተሰብ ውስጥ ነው፤ የጥገናውን ሥራ ትመራ የነበረው እናቷ ነበረች። ልጅቱም ከምንጣፎቹ ላይ የጠፉትን ክፍሎች፣ በተለይም እግሮችን፣ በእርሳስ እየሣለች ታግዝ ነበር። እናቷ በ1932 ሞተች። ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1999 የሠራችውን፣ ቁመቱ ከ9 ሜትር የሚበልጠውን የብረት ሸረሪት ነው፤ ሸረሪቷ በሆዷ የእብነ በረድ እንቁላሎች ተሸክማለች፣ አርቲስቷም በግልጽ ለእናቷ የሠራችው መሆኑን ተናግራለች፤ እናቷ እንደ ሸረሪት የምትሸምንና የተቀደደውን የምትጠግን ሴት ነበረችና። ለርእሳችን ይበልጥ የሚቀርቡት ግን ቡርዥዋ በ80ዎቹና በ90ዎቹ ዕድሜዋ ላይ ሆና ከራሷ አሮጌ ልብሶች፣ አንሶላዎችና ፎጣዎች የሰፋቻቸው ሥራዎች ናቸው። በ1999 ከሮዝ ጨርቅ በሰፋችው አንድ ሥራ፣ የተኛች እናትና አዲስ የተወለደ ሕፃን በእትብት እንደተያያዙ ይታያሉ። ስፌቱ ሆን ተብሎ ሸካራ ነው፤ ቆዳ የተሰፋ ይመስላል። በ2002 ደግሞ በትዳር መጀመሪያዋ ዘመን የነበሯትን የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት የተጠለፉባቸውን ጨርቆች ገጽ አድርጋ የጨርቅ መጽሐፍ ሰፍታለች።

ፌዝ ሪንጎልድ ሌላ መንገድ ታሳያለች። ይህች አፍሪካ አሜሪካዊት አርቲስት በ1980 ኩዊልት የሚባለውን፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚሰፋውን ድርብ ብርድ ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠራ አብራት የሰፋችው የፋሽን ልብስ ሠሪ የነበረችው እናቷ ዊሊ ፖዚ ነበረች። ከቅድመ አያቶቻቸው አንዷ በባርነት ዘመን ለጌቶቿ እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ትሰፋ ነበር። እናቷ በ1981 ስትሞት ሪንጎልድ ሥራውን ቀጠለች፤ በጨርቁ ላይ ታሪክ እየጻፈች የጥቁር ሴቶችን ሕይወት በራሳቸው ድምፅ ተረከች። በቡርዥዋ ሥራ እናት የምትታሰብ ናት፤ በሪንጎልድ የመጀመሪያ ኩዊልት ግን እናት የሥራው ግማሽ እጅ ናት። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ሜሪ ኬሊ ከ1973 እስከ 1979 ባዘጋጀችው ሰፊ ሥራ ከወንድ ልጇ ጋር ያሳለፈቻቸውን የመጀመሪያ ዓመታት መዝግባለች። የሕፃኑ ትንንሽ የሱፍ ከነቴራዎች፣ የሽንት ጨርቅ ገበሮች ከነእድፋቸው፣ ልጁ ምን እንደበላ የሚገልጹ ማስታወሻዎች በጥንቃቄ ተደራጅተው ቀርበዋል። የእናት ምስል ግን በየትኛውም ቦታ የለም። በ1976 በለንደን ሲታይ ጋዜጦች ስለ ቆሸሹት ጨርቆች በቁጣ ጻፉ፤ በእኔ ግምት ያስቆጣቸው እድፉ ብቻ ሳይሆን፣ እናትነት እንደ ምርምርና እንደ ከባድ ሥራ መቅረቡም ጭምር ነው።

ለምንድን ነው ብዙዎቹ ሥራዎች ድካምን፣ ሐዘንንና ቁጣን የሚያሳዩት? እናትነት ደስታም አይደለም ወይ?

ነው እንጂ። ነገር ግን የደስተኛ እናት ምስል በሥዕልም፣ በካርድም፣ በማስታወቂያም ለብዙ ዘመን ሲደጋገም ስለኖረ፣ ያልታየው ሌላው ወገን ለመታየት ይገፋል። እንቅልፍ ማጣት፣ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ጭንቀት፣ የጨነገፈ ጽንስ፣ ልጅን መቅበር፣ አንዲት ሴት እናት ከመሆኗ በፊት የነበረችውን ራሷን ፈልጋ አለማግኘቷ በጸጥታ የታለፉ ጉዳዮች ናቸው። ጨርቅ ለእነዚህ ቦታ አለው፤ የተቀደደ፣ የተተረተረ ወይም ሳያልቅ የቀረ ጨርቅ ምንም ማብራሪያ ሳይጨመርበት ይነበባልና። ለማያድግ ሕፃን የተጀመረ ሹራብ ከነመርፌው ሲቀርብ ተመልካቹ ወዲያው ይረዳል፤ ርእስ እንኳ አያስፈልገውም። ፍቅርና ምሬት በአንድ ሥራ ውስጥ አብረው ሲገኙም አርቲስቷ ልጇን አትወድም ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን ፍርድ ከተመልካቾች አፍ መስማት ያሳዝነኛል፤ ብዙ ሴቶች ዝም እንዲሉ ያደረጋቸው ይኸው ፍርድ ነው።

ልጅ ያልወለደች አርቲስት ስለ እናትነት መሥራት ትችላለች?

ትችላለች፤ ተሠርቶም ታይቷል። ጁዲ ቺካጎ ከ1980 እስከ 1985 ስለ መውለድ ብቻ ተከታታይ ሥራዎች ስታዘጋጅ ራሷ ልጅ አልነበራትም። መነሻዋ በምዕራቡ ዓለም ጥበብ ውስጥ የምትወልድ ሴት ምስል ፈልጋ የለም በሚባል ደረጃ ማጣቷ ነበር። ከወለዱ ሴቶች ምስክርነት ሰበሰበች፣ ወሊድም ተመለከተች፤ ንድፉን እርሷ ስታወጣ ከ150 በላይ የሆኑ ጠላፊዎችና ሸማኔዎች በየቤታቸው ሆነው ሠሩት። ብዙዎቹ እናቶች ስለነበሩ የራሳቸውን ልምድ ወደ ክሩ አስገብተዋል። የጠላፊዎቹ ሥራና የንድፍ አውጪዋ ስም እንዴት ይመዘናሉ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ክርክሩም ተገቢ ነው፤ የሴቶች የመርፌ ሥራ ለዘመናት ስም አልባ ሆኖ ኖሯልና።

ከዚህም ባሻገር ሴትነት በእናትነት አያልቅም። ልጅነት፣ የወር አበባ፣ ፍትወት፣ ብቸኝነት፣ የልጅ ልጅ ማሳደግ፣ ልጅ ላለመውለድ መወሰን፣ ፈልጎ ማጣት፣ የወለደችን እናት መጦር ሁሉም የሴት ማንነት አካል ናቸው። ካይሮ የተወለደችው ጋዳ አመር በሸራ ላይ የሴቶችን ምስል ትጠልፍና የክሩን ጫፍ ሳትቆርጥ ታንጠለጥለዋለች። የተንጠለጠለው ክር ምስሉን በከፊል ስለሚሸፍነው፣ ተመልካቹ የሴቲቱን አካል በአንድ እይታ መውሰድ አይችልም፤ መፈለግ ይኖርበታል።

ሴትን ከመርፌ ጋር ማያያዝ ወደ ቤት መልሶ መዝጋት አይሆንም?

ስጋቱ እውነተኛ ነው፤ በቸልታ መመለስም አይገባውም። መርፌ ሴት ልጅን ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ዐይን መስበርና መታዘዝ ለማስተማር ያገለገለበት ረጅም ዘመን አለ። ነገር ግን ያው መርፌ በተመሳሳይ ዘመን የመናገሪያ መንገድም ነበር። በ1830 ገደማ እንግሊዛዊቷ የቤት ሠራተኛ ኤሊዛቤት ፓርከር በአንድ ነጭ ጨርቅ ላይ በቀይ ክር፣ ፊደል በፊደል፣ የደረሰባትን በደልና ራሷን ለማጥፋት መፈተኗን ጠልፋ አስቀምጣለች። ጽሑፉ የሚያልቀው በዓረፍተ ነገር መካከል ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ጨርቅ ባዶ ነው። ለሴት ልጅ ጨዋነት ማሰልጠኛ የተባለው ጥልፍ በእርሷ እጅ ኑዛዜ ሆኗል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሴቲቱ መርፌ መያዟ ሳይሆን፣ በመርፌው የምትናገረውን የመረጠው ማን እንደሆነ ነው። ደግሞም ማንም ሴት ክር የመምረጥ ግዴታ የለባትም፤ ወንዶችም በክር ይሠራሉ።

የእናቶች የጨርቅ ሥራ ከቤት ወጥቶ አደባባይ የደረሰበት ጊዜ አለ?

አለ፤ ሁለቱም ምሳሌዎች ከላቲን አሜሪካ ናቸው። በአርጀንቲና ወታደራዊው መንግሥት ልጆቻቸውን ያጠፋባቸው እናቶች ኤፕሪል 30 ቀን 1977 በቦነስ አይረስ ማዮ አደባባይ መሰብሰብ ጀመሩ። በዚያው ዓመት በሕዝብ መካከል እርስ በርስ ለመተዋወቅ ራሳቸው ላይ ያሰሩት ነጭ ጨርቅ የሕፃን የሽንት ጨርቅ ነበር፤ ብዙዎቹ ለልጆቻቸው የተጠቀሙበትን አስቀምጠውት ኖሯል። በኋላም በላዩ ላይ ጽሑፍ ጠለፉበት። በቺሊ ደግሞ ከ1973ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ ልጆቻቸውና ባሎቻቸው የታሰሩባቸውና የጠፉባቸው ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተሰባስበው በጆንያ ጨርቅ ላይ ቁርጥራጭ እየሰፉ የሆነውን ሁሉ በምስል ተረኩ፤ አንዳንዶቹ የጠፋውን ሰው ልብስ ራሱን ቆርጠው ተጠቅመዋል። ጨርቆቹ በድብቅ ወደ ውጭ አገር ወጥተው ዓለም እንዲያውቅ ረድተዋል። የእናት የልብስ ስፌት ማንም የማይጠረጥረው ሥራ በመሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ ሳንሱሩ አላስተዋለውም።

የልጄን የሕፃንነት ልብሶች ለጥበብ ሥራ መጠቀም እፈልጋለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ከመቁረጥዎ በፊት እድፉ ይቆይ ወይስ ይውጣ የሚለውን ይወስኑ፤ ይህ የንጽሕና ብቻ ሳይሆን የሥራው ትርጉም ጥያቄ ነው። እንዲወጣ ከፈለጉ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይዘፍዝፉት። በረኪና ክሩን ስለሚያደክም አይጠቀሙ። እንዲቆይ ከፈለጉ ደግሞ በሱፍ ላይ የቀረ እድፍ ብልን እንደሚስብ አስቀድመው ይወቁ። የሱፍ ልብስን በሙቅ ውሃ ማሸት አይገባም፤ የሱፍ ጸጉር ቅርፊት ስላለው እርስ በርሱ ተቆላልፎ ይጠቀጠቃል፣ ልብሱም ወደ ቀድሞ መጠኑ አይመለስም፤ አንዳንድ አርቲስቶች ግን ይህንኑ መጥበብ ፈልገው ያደርጉታል። ያረጀ ጥጥ ጠርዙ ላይ በቀስታ ሲሳብ የሚፈረከስ ከሆነ ከበስተኋላው ቀጭን ገበር ያድርጉለት፤ መርፌውም ቀጭን ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር። ልብሱ የልጅዎም ታሪክ ነው። ልጁ መናገር የሚችልበት ዕድሜ ላይ ከደረሰ ይጠይቁት፤ ስሙን፣ የሕመም ታሪኩን ወይም ፎቶግራፉን በአደባባይ ከማቅረብዎ በፊት ደግሞ ሲያድግ እንዴት ሊያየው እንደሚችል ያስቡ።

ሕፃን እያሳደግኩ እንዴት ልሥራ?

በትንንሽ ክፍሎች ይሥሩ። መዳፍ የሚያክሉ፣ በኋላ የሚገጣጠሙ ቁርጥራጮች ከአንድ ትልቅ ጨርቅ ይልቅ ለተቆራረጠ ጊዜ ይመቻሉ፤ ብዙዎቹ የእናቶች ሥራዎች ከቁርጥራጭ የተሠሩት ለውበት ብቻ አይደለም። መርፌ፣ ስፒልና መቀስ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ይቀመጡ፤ ረዥም ክርና ገመድም ለሕፃን አንገት አደገኛ ነው። ሥራው የተቋረጠበትን ቦታ መደበቅ አያስፈልግም፤ በየቀኑ የክሩን ቀለም መለወጥ የቀኑን ርዝመትና እጥረት በጨርቁ ላይ ያሳያል። እንዲህ እየሠሩ ዓመት ቢፈጅብዎ ሥራው ያንን ዓመት ይይዛል። ይህን ሁሉ ስል ግን አንድ ሐቅ መሸፈን አልፈልግም፤ ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ሕፃኑን ለሁለት ሰዓት የሚይዝ ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው በሌለበት ቤት ብርታትን ብቻ መስበክ ፍትሐዊ አይደለም።

በእንዲህ ያለ ሥራ ፊት ስቆም ምን ልመልከት?

ምስሉን ከመፈለግዎ በፊት አሠራሩን ይመልከቱ። ክሩ የት ተቋጠረ፣ የት ተቀጠለ፣ የት ላላ፣ የት ተወጠረ? ስፌቱ የተደበቀ ነው ወይስ የሚታይ? ጀርባው የሚታይ ከሆነ ደግሞ ጊዜ ይስጡት፤ በጥልፍ ጀርባ ላይ ክሩ ከቦታ ወደ ቦታ የዘለለበት መንገድ ስለሚታይ የእጁ ውሳኔዎች ከፊቱ ይልቅ በዚያ ይነበባሉ። ከዚያ በመግለጫው ላይ ቁሳቁሱ ምን እንደሆነ ያንብቡ፤ አዲስ ጥጥና አንድ ሰው ለብሶት ያረጀ ጥጥ በዐይን ቢመሳሰሉም አንድ ነገር አይናገሩም።

መንካት ይቻላል?

አርቲስቷ ካልፈቀደች አይቻልም። የእጅ ቅባትና ላብ ክርን ቀስ በቀስ ያበላሻሉ፤ የመንካት ፍላጎት የሚያድርብዎ ግን ሥራው ስለሠራ ነው።

ሥራው በቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንዲቆይ እንዴት ልጠብቀው?

የጨርቅ ዋነኛ ጠላቶች ብርሃን፣ እርጥበትና ነፍሳት ናቸው። ሙዚየሞች ለጨርቃ ጨርቅ የሚፈቅዱት ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አይበልጥም፤ በቤት ውስጥ ቢያንስ የፀሐይ ጨረር በቀጥታ ከሚያርፍበት ግድግዳ ያርቁት። ብርሃን ያጠፋውን ቀለም መመለስ አይቻልም። የሚቀመጥ ከሆነ ከማጠፍ ይልቅ አሲድ በሌለው ወረቀት በተሸፈነ ቱቦ ላይ መጠቅለል ይሻላል፤ ማጠፍ ግድ ከሆነ እጥፋቱ ውስጥ ወረቀት ይጨምሩና በየጊዜው የሚታጠፍበትን ቦታ ይለውጡ። ላስቲክ ውስጥ ዘግቶ ለዓመታት ማስቀመጥ እርጥበት ያምቃል። ሱፍ ከሆነና ብል ከታየበት፣ በላስቲክ በደንብ ታሽጎ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ይቆይ፤ ሲወጣም ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ድረስ እሽጉ አይከፈት፤ አለዚያ እርጥበት በክሩ ላይ ይቋጥራል። ቀለም የተቀባ፣ ዶቃ ወይም ብረት ያለበት ሥራ ከሆነ ግን ወደ ማቀዝቀዣ ከማስገባትዎ በፊት የጨርቃ ጨርቅ ጥገና ባለሙያ ያማክሩ።